ተርኪ ትልቅ ዶሮ ናት? እውነት ወይስ ተረት

ዶሮ ያረባ ሰው ተርኪንም የሚያውቃት ይመስለዋል። በየግቢው የሚጠፋው የተርኪ እንቁላልና ጫጩት አብዛኛው የሚጠፋው በዚሁ እምነት ነው።

ተረት፦ በ21 ቀን ያልተፈለፈለ እንቁላል ተበላሽቷል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። 21 ቀን የዶሮ ነው፤ የተርኪ እንቁላል 28 ቀን ይፈልጋል። በ22ኛው ወይም በ23ኛው ቀን «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው እንቁላል ውስጥ በሕይወት ያለ፣ ለመውጣት አንድ ሳምንት እንኳ ያልቀረው ጫጩት ሊኖር ይችላል። የተጠራጠረ ሰው ከታቀፈች ሳምንት ካለፈ በኋላ ማታ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስልክ መብራት በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ አስጠግቶ ይይ። የደም ሥር ከተሠራጨበት ሽሉ ሕያው ነው፤ ውስጡ ጥርት ብሎ የሚታየውን ማውጣት ይቻላል።

በማሽን የሚያስፈለፍል ደግሞ ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ እርጥበቱን ከ55 እስከ 60 በመቶ ይያዝ፤ እስከ 25ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ያገላብጥ። ከዚያ በኋላ ማገላበጥ ቀርቶ እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከሸነቆረ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ቢቆይ አያስደነግጥም። አዝኖለት ቅርፊቱን የሚልጥ ሰው ገና ያልደረቁ የደም ሥሮችን ስለሚበጥስ ጫጩቱን ሊገድለው ይችላል።

ተረት፦ እንቁላሉን አጥቦ ማስታቀፍ ንጽሕና ነው።

ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፤ እጥበት እሱን ያነሣዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ደግሞ ቆሻሻውን በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ያስገባል። መፍትሔው ጎጆዋን በደረቅ ጭድ ማንጠፍና እንቁላሉን ቶሎ ቶሎ መሰብሰብ ነው። የተሰበሰበው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፤ ከሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል።

ተረት፦ ነጎድጓድ እንቁላል ይገድላል።

አይገድልም። በክረምት እንቁላል የሚበላሸው ጎጆው ሲርስ ወይም ታቃፊዋ ተነሥታ እንቁላሉ ሲበርድ ነው። በማሽን ለሚጠቀሙ የደጋ ሰዎች ከነጎድጓድ ይልቅ ከፍታው ሊያሳስባቸው ይገባል፦ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ያንሳል፣ ከእንቁላሉ የሚተንነው ውሃም ይበዛል። እርጥበቱን ተከታትሎ መጠበቅና አየር በደንብ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል።

ተረት፦ ሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይሆናል።

አርስቶትል ሾጣጣው ሴት ነው ብሎ ጻፈ፤ ሮማዊው ኮሉሜላ ደግሞ ተቃራኒውን። ጾታን የሚወስነው ከእናቲቱ የሚመጣው ክሮሞዞም ነው፤ ቅርጹ ምንም አይነግረንም።

ተረት፦ አውራ ከሌለ ተርኪ አትጥልም።

ትጥላለች፤ ጫጩት ግን አይጠበቅም። (በ1950ዎቹ አሜሪካ ቤልትስቪል ውስጥ ተመራማሪዎች አውራ ያልነካቸው ተርኪዎች ከጣሉት እንቁላል ጥቂት ጫጩቶች ሲወጡ አይተዋል። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እጅግ ብርቅ ነገር ስለሆነ ማንም ተስፋ አያድርግበት።) በሌላ በኩል አንድ ጊዜ የተጠቃች ተርኪ የአውራውን ዘር በአካሏ ውስጥ ለሳምንታት ስለምታቆይ፣ አውራው ቢታረድ ወይም ቢሸጥ እንቁላሏ ወዲያው መካን አይሆንም።

ተረት፦ ዶሮና ተርኪ አብረው ቢያድጉ ችግር የለውም።

እዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ዶሮ ሳትታመም የምትሸከመው ሂስቶሞናስ የሚባል ተውሳክ አለ፤ በአንጀት ትል እንቁላል ውስጥ ተደብቆ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ተርኪ ላይ ሲደርስ ጉበትን ያቆስላል፤ ኩሷ ቢጫ ይሆናል፣ መንጋውም በብዛት ሊያልቅ ይችላል። የተርኪ እንቁላል ለአበሻ ዶሮ ማስታቀፍ የተለመደና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ከ5 ወይም ከ6 በላይ ግን አትችልም። አስቀድሞ የትል መድኃኒት ትውሰድ፤ ጫጩቶቹ እንደደረቁም ዶሮ ጭራው ወደማታውቅ ንጹሕ ክፍል ይዛወሩ። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀትና ከዶሮ ጫጩት መኖ የበለጠ ፕሮቲን፣ 28 በመቶ ገደማ፣ ያስፈልጋቸዋል። መኖውን ራሳቸው ማግኘት የሚያቅታቸው ስላሉ፣ ምንቃራቸውን ውሃው ውስጥ ነከር አድርጎ፣ መኖውን በጣት መታ መታ እያደረጉ ማሳየት ያስፈልጋል።