የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋና የነጋዴው ጥንቃቄ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና፣ ሐይቅን ካለፉ በኋላ በአምባሰል የሚገኘው ውጫሌ በዓለም ዘንድ የታወቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአቅራቢያው በይስማ ንጉሥ በተፈረመው ውል ነው። የውጫሌ ውል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለጦርነት ምክንያት የሆነውን 17ኛውን አንቀጽ ነው። ለነጋዴ ግን የጦር መሣሪያ በምጽዋ በር ለምኒልክ ብቻ እንዲያልፍ የወሰነው 6ኛው አንቀጽም መታወስ ይገባዋል። ጠመንጃ ያን ጊዜም ቢሆን እንደ ሌላው ሸቀጥ በዘፈቀደ የሚነገድበት ዕቃ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ወደ አገር የገባው መሣሪያ በቅርብ ዓመታት በተቃራኒው መንገድ ሲሄድ ታይቷል። ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ አስመጪዎች በኩል ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጥረው የገዢው ቁጥር ብዙ ነው። በእኛ አገር ግን ከአባት የወረሰውን ጠመንጃ እንደ ዝገት ብረት የሚቆጥር ሰው ስላለ፣ የዕቃው ዋጋ በምን እንደሚመዘን ማወቅ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ዓይነቱን መለየት ያስፈልጋል። ሕዝቡ ሰናድር የሚለው የእንግሊዙ ስናይደር ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው ጦር ይዞት የመጣ ነው። ሬሚንግተን በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የሆነው የግብጽ ጦር መሣሪያ ነበር። ውጅግራ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት የሆነው የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በአማርኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተማረኩት መካከል አራት ጥይት የሚጐርሰው የኢጣልያ ቬተርሊ ይገኝበታል። ከዚህ በኋላ የመጡት ቤልጅግና ሌሎችም የማውዘር ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹ የአንበሳ ምልክት ተመትቶባቸዋል።

ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የጠመንጃውን ውበት ሳይሆን እውነተኛነቱን ነው። በበርሜሉ፣ በመቀርቀሪያውና በሰደፉ ላይ ያለው ተራ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ክፍሎቹ ሳይለዋወጡ አብረው ለመኖራቸው ምስክር ነው። የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ የመንግሥት ማኅተምና በሰደፉ ላይ የተቀረጸ የባለቤት ምልክት ሁሉ ዋጋ ይጨምራሉ። በአንጻሩ ዕቃውን አሳምራለሁ ብሎ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት የፈገፈገ፣ እንጨቱን ፍቆ ቀለም የቀባ ወይም በርሜሉን የቆረጠ ሰው የዕቃውን ዋጋ በገዛ እጁ ያጠፋል። ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ከማስታገስ በቀር ሌላ ሥራ አያስፈልገውም። ጠመንጃው በየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለና ከማን ለማን እንደ ተላለፈ የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ቢኖር ከዕቃው ሳይለይ መቀመጥ አለበት።

በውጭ አገር ብዙ ሰብሳቢዎች እነዚህን ጠመንጃዎች በተኩስ ሜዳ ይተኩሱባቸዋል። ይህ ግን ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። ሰናድር፣ ሬሚንግተንና ውጅግራ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ፣ ጢስ አልባው ባሩድ የሚያመጣው ግፊት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጐርስ የተለወጠው ቬተርሊም መቀርቀሪያው ለጠንካራ ጥይት ስላልተሠራ ለተኳሹ ያሰጋል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰብሳቢ ጠመንጃውን ባለሙያ ሳያየው አይተኩስበትም፤ ባለሙያው የማያምንበትንም በግድግዳ ሰቅሎ ማየት ይበቃዋል።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ ሕጉን መመልከት አለበት። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መነገድም ሆነ ማዘዋወር በወንጀል ያስጠይቃል። ጠመንጃው ከአያት የተወረሰ መሆኑ ፈቃዱን አያስቀርም። ከዚህም ሌላ ታሪካዊነት ያለው መሣሪያ ቅርስ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል መሆኑን ላኪ ነጋዴ ሊዘነጋው አይገባም። በሱቁ በር «አሮጌ ብረት እገዛለሁ» የሚል ሰው ጠመንጃ ቢያቀርብለት፣ ባለሱቁ የፈቃድ ወረቀቱን ሳያይ ዕቃውን ባይቀበል ራሱንና ንግዱን ያድናል።

አሮጌ ጠመንጃ እንደ ቡና በየዓመቱ የሚታፈስ ሀብት አይደለም። አንድ ጊዜ የወጣ፣ የተፈገፈገ ወይም ቀልጦ ብረት የሆነ አይመለስም። ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል እንዲህ ያለ ዕቃ በሕጋዊ መንገድ በእጁ የሚገኝ ሰው ምልክቱን ሳያጠፋ፣ ታሪኩን ጽፎ፣ ፈቃዱን አድሶ ቢይዘው ለቤተ ሰቡም ለአገሩም የሚጠቅም ሀብት ይሆንለታል።