የበቆሎን አገዳ ቆርቁር በእጽዋት ስለ መከላከል

የበቆሎዎ ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፥ መካከለኛው ቡቃያ ደርቆ ቢያዩ፥ አገዳ ቆርቁር መግባቱን ይወቁ። ትሉ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ መድኃኒት ቢረጩ እምብዛም አያገኘውም። ስለዚህ የሚሻለው እናቲቱ የእሳት ራት እንቁላሏን በበቆሎው ላይ ሳትጥል መመለስ ነው።

ለዚህ የሚያገለግለውን ዘዴ በኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፥ ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ ጋር ሆኖ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አወጣው። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ራቷ ሽታውን ትሸሻለች። በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆኔ ሣር ይተከላል፤ ራቷ ወደዚያ ሄዳ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሎቹ ሣሩን ሲቆረቁሩ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚያወጣባቸው፥ አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞታሉ።

አቀንጭራ ላለበት ማሳ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ከዴስሞዲየም ሥር የሚመነጨው ንጥረ ነገር የአቀንጭራውን ዘር ያበቅለዋል፤ ቡቃያው ግን የበቆሎውን ሥር ሳይዝ ይሞታል። በመሬት ውስጥ ለብዙ ዓመት የተከማቸው ዘር እንዲህ እያለ ይመናመናል።

ዝሆኔ ሣሩን በሦስት መስመር፥ በመስመር መካከል 75፥ በተክል መካከል 50 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉ፤ ከበቆሎው 1 ሜትር ይራቅ። የዴስሞዲየም ዘር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፥ አንዱን እጅ ከሦስት እጅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ጥልቀት በሌለው ፈር ይዝሩት፤ አፈሩንም በስሱ ይመልሱ።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። ዴስሞዲየም ሲያድግ ዘገምተኛ ስለሆነ፥ በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ በእጅ ካልታረመ ይዋጣል። ሥር ከያዘ በኋላ ግን መሬቱን ሸፍኖ አረሙን ራሱ ያፍናል። በሚቀጥለው ዓመት በቆሎው የሚዘራበት መስመር ብቻ ይቆፈራል እንጂ ማሳው በሙሉ አይታረስም፤ በበሬ ደጋግሞ ማረስ ለለመደ ሰው ይህ ቅር ማሰኘቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ልቅ ግጦሽ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት ቀበሌ ዴስሞዲየም አይተርፍም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ዘር ከማደሉ በፊት ጎረቤታሞቹን ያስማማ፤ አለዚያ በጓሮ አጠገብ በታጠረ መሬት ይጀመር፥ መኖውም እየታጨደ ለከብት ይቅረብ።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውንም መጤ ተምች ይህ ዘዴ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም በዚህ ብቻ ሳይመኩ ማሳዎን በየሳምንቱ ይመልከቱ። ዝሆኔ ሣሩንም ከበቆሎው አጠገብ ካለው መስመር ጀምረው በየተራ ይጨዱት፤ ሦስቱን መስመር ባንድ ቀን ካጨዱ ራቷን የሚስብ አይቀርም።