ኳስን ድቡልቡል ያደረጉት አሥራ ሁለቱ

ኳስ ድቡልቡል ናት፤ ለረጅም ጊዜ ስትሰፋ የኖረችው ግን ከጠፍጣፋ ቆዳ ነው። ጠፍጣፋን ነገር ሳያጨማድዱ፣ ሳይለጥጡ ወይም ሳይቀድዱ ድቡልቡል ማድረግ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የኳስ ሠሪ ዋና ጥያቄ አንድ ነበር፤ ቆዳውን በምን ዓይነት ቅርጽ ቆራርጬ ብሰፋው ይበልጥ ይከብልኛል?

ከመልሶቹ ሁሉ ዝነኛው በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ የታየው ነው። የአዲዳሷ ቴልስታር 20 ነጭ ባለ ስድስት ጎን እና 12 ጥቁር ባለ አምስት ጎን፣ በድምሩ 32 ቁራጮች ነበሯት። ቀለሟ የተመረጠው በዘመኑ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ ጎልታ እንድትታይ ነው። ቅርጹ ግን ከእግር ኳስ እጅግ ይቀድማል። የጥንቱ ግሪካዊ አርኪሜዲስ ካወቃቸው 13 ቅርጾች አንዱ ነው፤ በ1509 ለታተመው የሉካ ፓቺዮሊ የሒሳብ መጽሐፍም ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥሎታል።

ምስጢሩን ለማግኘት ሦስት ስፌቶች የሚገናኙበትን አንዲት ነጥብ ማየት ይበቃል። እዚያ ላይ ሁለት ነጮችና አንድ ጥቁር ይጋጠማሉ። የነጩ ማዕዘን 120 ዲግሪ፣ የጥቁሩ 108 ነው። ሲደመሩ 348 ይሆናሉ፤ ለጥ ብሎ ለመዘርጋት ግን 360 ያስፈልጋል። ቆዳውን የምታጎብጠው ይህች የጎደለች 12 ዲግሪ ናት። ክፍተቷን ለመዝጋት ክሩ ሲጠብቅ መገናኛው ወደ ውጭ ይነሳል። ሦስቱም ነጭ ቢሆኑ ኖሮ 360 ሞልቶ እንደ ማር እንጀራ ዝርግ ይሆን ነበር።

ኳሷ እንዲህ ያሉ 60 መገናኛዎች አሏት። 60 በ12 ሲባዛ 720 ይሆናል። ፈረንሳዊው ዴካርት እንደደረሰበት፣ ገጾቹ ጠፍጣፋ የሆኑና የትም ወደ ውስጥ ያልጎደጎደ ዝግ ቅርጽ ሁሉ የጉድለቱ ድምር ያው 720 ነው። ሣጥን ያንን ለ8 ማዕዘኖቹ 90፣ 90 ስለሚያድል ሹል ይሆናል፤ ኳሷ ለ60 በእኩል ስለምታካፍለው ትለዝባለች። የቀረውን ሥራ አየር ይጨርሰዋል፤ ስትነፋ እያንዳንዱ ቁራጭ ይወጠርና ይጎብጣል።

ጥቁሮቹ 12 የሆኑትም በሠሪው ምርጫ አይደለም። ነጭ ቁራጭ ከጉድለቱ ምንም አያዋጣም። ጥቁሩ ግን በአምስቱም ማዕዘኖቹ 12፣ 12 ዲግሪ ያጎድላል፤ በአጠቃላይ 60። 720 ለ60 ሲካፈል 12 ነው። በየመገናኛው ሦስት ሦስት ሆነው በሚጋጠሙ በእነዚህ ሁለት ቅርጾች የተሠራ ድቡልቡል ነገር፣ ነጮቹ መቶም ይሁኑ ሺህ፣ ጥቁሮቹ ከ12 አይጎድሉም፣ አይበልጡም። ተፈጥሮም ለዚሁ ሕግ ትገዛለች። ኬሚስቶቹ ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ በ1985 ያገኙት የካርቦን ሞለኪውል 60 አተሞቹን ያስቀመጠው በእነዚያው 60 መገናኛዎች ላይ ነው፤ በ1996 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ዛሬ የዓለም ዋንጫ ኳሶች ቁራጮች አስቀድመው ጎብጠው ስለሚመረቱና በሙቀት ስለሚጣበቁ ቁጥራቸው ቀንሷል። የ2010ሯ ጃቡላኒ 8፣ የ2014ቷ ብራዙካ 6 ብቻ ነበራቸው። ሆኖም መጋጠሚያው ቁራጮቹን የሚያያይዝ ብቻ ሳይሆን ኳሷን የሚታከከውን አየር የሚገራም ነው። በጣም የለሰለሰች ኳስ ሳትሽከረከር በፍጥነት ስትመታ አየር ላይ ትዋልላለች፤ በረኞች በጃቡላኒ ያማረሩት በዚህ ነው። ብራዙካ ቁራጮቿ ቢያንሱም የመጋጠሚያዋ ጠቅላላ ርዝመት ከጃቡላኒ እንዲበልጥ ተደርጋለች።

የሒሳብ መምህራን፣ ይህን ትምህርት በካርቶን ማስተማር ትችላላችሁ። የጎናቸው ርዝመት እኩል የሆነ 20 ባለ ስድስትና 12 ባለ አምስት ጎኖች ተማሪዎቻችሁ ቆርጠው ያጣብቁ። ሦስተኛው ቁራጭ ሲገጠም ካርቶኑ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ በዓይናቸው ይዩት፤ የማዕዘን ድምር ለምን እንደሚጠቅም ከዚያ በኋላ የሚጠይቃችሁ አይኖርም።