ሶሲዮሎጂ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ፦ ምንነቱ፣ አሰጣጡና ለትምህርት ሥራ ያለው ጥቅም

መግቢያ

በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች ከሚመደቡባቸው የትምህርት ክፍሎች አንዱ ሶሲዮሎጂ ነው። ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን ተማሪው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቃቸዋል። ሶሲዮሎጂ ግን በዚያ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ስለማይሰጥ፣ ብዙው ተማሪ ስሙን የሚሰማው የትምህርት ክፍል ምርጫውን በሚሞላበት ሰሞን ነው። በዚህን ጊዜ ምክር የሚጠይቀው መምህሩን ነው፤ ከመምህሩም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ምን ሥራ ያስገኝልሃል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ምን እንደሚያስተምር ሳይታወቅ ምን እንደሚያሠራ ሊታወቅ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ምን እንደያዘ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማስረዳት፣ እንዲሁም የዲግሪው እውነተኛ ፍሬ ስለ ኅብረተሰቡ «ሁሉም ያውቀዋል» የሚባለውን ነገር ወደሚመረመር ጥያቄ ለመለወጥ መቻል መሆኑን ማሳየት ነው።

የትምህርቱ ምንነት

ሶሲዮሎጂ የሚለውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት ሲሆን፣ ዘመኑም በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነበር። ትምህርቱን ግን የራሱ የምርምር ዘዴ ያለው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በማድረግ በኩል ከፍ ያለ ድርሻ የነበረው ኤሚል ዱርካይም ነው። ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ራስን መግደል አጥንቷል። ርእሱን የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ራስን ከመግደል ይልቅ የግል የሆነ ድርጊት ያለ አይመስልም፤ ዳሩ ግን የየአገሩ መጠን ከዓመት ወደ ዓመት ብዙ ሳይለዋወጥ የሚቆይ፣ በሃይማኖት ማኅበርና በጋብቻ ሁኔታም የሚለያይ መሆኑን አስተዋለ። እንግዲህ የግል የሚመስለው ነገር ማኅበራዊ መንሥኤ አለው ማለት ነው። የተጠቀመባቸውን አኃዞች በኋላ የመጡ ምሁራን ነቅፈዋቸዋል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የትምህርቱ መሠረት ሆኖ ይኖራል።

ትምህርቱ በአገራችን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ስለ አገሪቱ ሕዝቦች አኗኗር የሚደረገው ጥናት ቀስ በቀስ እየተስፋፋ ሄደ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ሄዶ በማጥናት፣ የከተማ ተማሪዎችንም አስተሳሰብ በመጠይቅ በመመርመር «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። አለማየሁ ሰይፉ ደግሞ ስለ አዲስ አበባ ዕድሮች ያደረገውን ሶሲዮሎጂያዊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት አወጣ። ሁለቱም ሥራዎች እንደሚያመለክቱት፣ በአገራችን ለዚህ ትምህርት የሚሆነው ቁሳቁስ ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን በየመንደሩ የሚገኝ ነው።

የትምህርቱ ዘመን ርዝመት ተለዋውጧል። ቀድሞ አራት ዓመት የነበረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተደረገው ለውጥ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለ፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ትምህርት ሲመለስ እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶም ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል።

በዲግሪው ውስጥ የሚጠናው

ትምህርቱ በሦስት ወገን ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ ክፍል ተማሪው ከዱርካይም ሌላ የካርል ማርክስን፣ የማክስ ዌበርንና ከእነርሱ በኋላ የመጡትን አሳቢዎች ይመረምራል። ሁለተኛው የጥናት መስኮች ናቸው፤ እነዚህም ቤተሰብ፣ ገጠርና ከተማ፣ የማኅበራዊ ደረጃ ልዩነት፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ወንጀል፣ ሕዝብና ልማት የመሳሰሉት ናቸው። ሦስተኛው የምርምር ዘዴ ሲሆን ስታቲስቲክስን፣ የናሙና አወሳሰድን፣ የመጠይቅ ዝግጅትን፣ ቃለ መጠይቅንና ምልከታን ያጠቃልላል። ተማሪው ሦስቱን አዋሕዶ የሚጠቀምበት ሥራ በመጨረሻው ዓመት የሚያዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

ከሦስቱ እጅግ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ ዲግሪውን ከጠቅላላ ዕውቀት የሚለየውም እርሱ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ መረጃው የሚሰበሰበው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ነው። ተማሪው በአማርኛ «ስንት ቤተሰብ አለዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? አንዱ መላሽ ከእርሱ ጋር የሚኖሩትን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ከተማ የገባች ልጁን ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሠራተኛዋን ይተዋታል ወይም ያስገባታል። ቤተሰብ የሚለው ቃል ዝምድናንም አብሮ መኖርንም ስለሚይዝ አኃዙ ገና ከመነሻው ይዛባል። ስለሆነም ጠያቂው «ከአንድ ማዕድ አብረው የሚበሉ፣ በአንድ ቤት የሚያድሩ ስንት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅን ይማራል። ይህን ጥንቃቄ የተማረ ሰው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱትን የሕዝብ ቆጠራዎች ሲያነብ አኃዙን ብቻ ሳይሆን አኃዙን ያስገኘውን ጥያቄ ጭምር ይመለከታል።

ከትምህርት ቤት የተወሰደ ማብራሪያ

የዘዴው ጥቅም ለመምህራን ይበልጥ እንዲገለጥ፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በመጋቢት ወር የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች መቅረት በረከተ እንበል። የተለመደው ማብራሪያ «ወላጆች ለትምህርት ግድ የላቸውም» የሚል ነው። ሶሲዮሎጂ ያጠና ሰው ይህን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ መላ ምት ይይዘዋል። በመጀመሪያ የክፍሉን የስም መቆጣጠሪያ ወስዶ የቀሩትን በፆታ፣ በዕለትና በመንገድ ርቀት ይለያል። የቀሩት በገበያ ቀን የሚቀሩ ናቸውን? ሴቶች ይበዛሉን? ከአንድ ቤት ታላቅ እኅት ቀርታ ታናሽ ወንድም የሚመጣ ከሆነ፣ ያው ወላጅ አንዱን ልኮ ሌላዋን ስላስቀረ ግድ የለሽነት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ስለ ወላጆች ጠባይ መሆኑ ይቀርና የቤቱ ሥራ ለማን እንደተደለደለ፣ ውኃውም ምን ያህል እንደሚርቅ ወደ መመርመር ይሸጋገራል።

ጥንቃቄው በዚህ አያበቃም። የስም መቆጣጠሪያው የሚያሳየው የተመዘገቡትን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ያልተመዘገበ ሕፃን «ቀሪ» ሊባል እንኳ አልታደለም፤ እርሱን ለማግኘት ከትምህርት ቤቱ ቅጥር መውጣት ያስፈልጋል። እንዲሁም የአንድ ቤት ችግር በስም ተጠቅሶ ለአደባባይ እንዳይውል መጠበቅ የትምህርቱ ግዴታ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ ከባድ ምሳሌ አለ። ሴክተር ሪቪው በመባል የሚታወቀው በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ትምህርትን ለብዙኃኑ በተለይም ለገጠሩ ሕዝብ ለማዳረስ በማሰብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከወጪና ከሥርጭት አንጻር ሲታይ ሐሳቡ የታሰበበት ነበር። ነገር ግን ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩት አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻ እንዲመለስ ሳይሆን፣ በትምህርት የኑሮ ደረጃውን እንዲለውጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዕቅዱ የድኻ ልጅ እንዳይማር በር የሚዘጋ ተደርጎ ተተረጎመ። መምህራኑም የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነበር፤ መንግሥትም የጥናቱን አፈጻጸም ለማቆም ተገደደ።

የሕዝቡ ስሜት ብቻውን ለተቃውሞው መነሻ ነበር ማለት አይደለም፤ የዘመኑ ፖለቲካ ታላቅ ድርሻ ነበረው። ይሁን እንጂ «ትምህርት ለዚህ ሕዝብ ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከወጪው ስሌት እኩል መጠናት እንደሚገባው ምሳሌው በግልጽ ያስረዳል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የተሠራበት ሰባ በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚል ድልድል የአገሪቱን የባለሙያ ፍላጎት መነሻ ያደረገ ነበር። የሠላሳው ብዛት የሚያከራክረውን ያህል፣ በውስጡ ያሉት ምን ዐይነት ሥልጠና ያገኛሉ የሚለውም ሊያከራክር ይገባል።

የአሰጣጡ ችግርና የማሻሻያ ሐሳብ

የሶሲዮሎጂ ትምህርት በቃል በማጥናት ብቻ ከተሰጠ ፍሬ አልባ ይሆናል። የዱርካይምን ትርጓሜ አንድ ሳያጎድል የሚጽፍ፣ የወላጆቹ ዕድር ግን መዋጮውን በምን ሥርዓት እንደሚወስን፣ የቀረውን እንዴት እንደሚቀጣ፣ መክፈል ያቃተውንስ ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ የማያውቅ ተመራቂ ዲግሪ ይዟል እንጂ ሙያ አልያዘም። ፈተናም ብያኔን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ተማሪው የሚያጠናው ብያኔን ነው። የመስክ ሥራ እስከ መጨረሻው ዓመት መዘግየት የለበትም፤ ለመጀመሪያው ዓመት ተማሪ አንድ ገበያ፣ አንድ ዕቁብ ወይም አንድ የጤና ጣቢያ ወረፋ በቂ የመለማመጃ ስፍራ ነው።

ማጠቃለያ

የሶሲዮሎጂ ምሩቅ እንደ ሐኪም ወይም እንደ መሐንዲስ ስሙ በበሩ ላይ የተጻፈ አንድ የሥራ መደብ አይጠብቀውም። የሚሰማራው በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በጤናና በግብርና ፕሮግራሞች፣ በእርዳታ ድርጅቶች፣ በጥናትና በስታቲስቲክስ ሥራ ነው። በእነዚህ ሁሉ የሚፈለገው የተጠያቂውን ቃል አክብሮ የሚሰማ፣ አኃዝን የሚመረምር፣ ያገኘውንም አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ነው።

ስለዚህ ምክር የሚጠየቅ መምህር «ሥራ አያስገኝም» ወይም «ቀላል ነው» ከማለት ይልቅ ተማሪውን ሦስት ነገሮች ቢጠይቀው መልካም ነው፦ ሰውን ማነጋገርና ማዳመጥ ትወዳለህን? ሒሳብን ሳትሸሽ አኃዝ ለማንበብ ትችላለህን? ያመንህበት ነገር በመረጃ ሲፈርስ ለመቀበል ፈቃደኛ ነህን? ሦስቱንም አዎን ያለ ተማሪ ትምህርቱ ይስማማዋል፤ በምደባ የገባውም ቢሆን እነዚህን ልማዶች እያዳበረ ከሄደ የዲግሪውን ፍሬ ያገኛል።