ከቴሌቪዥን ጀርባ ያሉ ቀዳዳዎች

ቴሌቪዥን ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚያገባ ሰው ፊቱን አይቶ ይደሰታል እንጂ ጀርባውን የሚመረምረው ሪሲቨር ሊሰካ በተነሣ ጊዜ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ የበዓል ዋዜማ ሆኖ፣ እንግዳው ተቀምጦ ሲጠባበቅ ይሆናል። ያን ጊዜ በልዩ ልዩ ኅብር የተቀቡትን ቀዳዳዎች ሲያይ፣ ቀለምን ከቀለም ማገናኘት ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል።

ከቀደሙት መሰኪያዎች የታወቁት ቢጫው፣ ነጩና ቀዩ ናቸው። አርሲኤ የሚባሉት በዚህ ስም ከሚጠራው የአሜሪካ ኩባንያ ስያሜ ወርሰው ሲሆን፣ ጥንት ያገለግሉ የነበረው የሸክላ ማጫወቻን ከሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ነበር። ነጩ የግራውን፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ያመጣል፤ ቢጫው ሥዕሉን ብቻውን ተሸክሞ ይመጣል። ነገር ግን ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ሽቦ ተደባልቀው ስለሚጓዙ፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የዜና አንባቢው ባለ ጥቃቅን መስመር ከረባት እንደ ቀስተ ደመና ሲብለጨለጭ የሚታየውም ስለዚሁ ነው።

ይህን ጉድለት ለማስቀረት ሥዕሉን በሦስት ሽቦ የሚከፍሉት አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ቀዩ ተሠሩ። አረንጓዴው ስሙ እንደሚያሳስተን አረንጓዴ ቀለምን የሚያመጣ ሳይሆን የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ የሚያመጣ ነው፤ ቀለሙ በቀሩት በሁለቱ ይመጣል። እኔም ይህን ያወቅሁት በአንድ የፋሲካ ሌሊት ቢጫውን ገመድ በአረንጓዴው ቀዳዳ ሰክቼ፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በወጣ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ አርጅቷል ብዬ እስኪነጋ ካዘንሁ በኋላ ነው። ሁለት ቀይ ቀዳዳ፣ አንዱ የድምፅ አንዱ የሥዕል፣ በአንድ ጀርባ ላይ እንደሚገኙም አትዘንጉ፤ ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ በአጠገቡ የተጻፈው ፊደል ይታመናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ ይህን ሁሉ ድካም አቃለለ፤ በ19 ቀጫጭን መነካኪያዎች ሥዕልንም ድምፅንም በቁጥር መልክ በአንድ ገመድ ያሳልፋልና። አንዱ ጎኑ ስለ ጠበበ ተገልብጦ አይገባም፤ እንቢ ያለውን በኃይል መግፋት ቀዳዳውን መስበር ነው። ድምፅን ብቻ በብርሃን የሚልክ ኦፕቲካል የሚባልም አለ፤ ጫፉ ቀይ ብርሃን ያሳያል። ይህን አዲስ ገመድ የሚሰካ ሰው ጫፉን የሸፈነችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ማውለቅ አይርሳ።

«አውት» የተጻፈበት ከመሣሪያው የሚወጣበት፣ «ኢን» የተጻፈበት የሚገባበት ነው፤ ሪሲቨሩ ከ«አውት»፣ ቴሌቪዥኑ በ«ኢን» ይገናኛሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ መስተዋቱ አሁንም «ምልክት የለም» የሚል ከሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጠጋኝ ከመጥራትዎ በፊት በሪሞቱ ላይ «ሶርስ» የሚለውን ተጭነው፣ ገመዱን የሰኩበትን የቀዳዳውን ስም ይምረጡ።