ተሸላሚም ተቀጪም የሆነው አብራሪ

ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው አንድም ሰው አልሞተም ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን ሆኗል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1940 በአውስትራሊያ፣ ዋጋ ዋጋ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለው የአየር ኃይል ማሠልጠኛ ሁለት አንሰን አውሮፕላኖች ለልምምድ ተነሡ። በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወጣቶች ተሳፍረዋል። ብሮክልስቢ ከተባለች የገጠር ከተማ ሰማይ ላይ ሲደርሱ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ወድቆ ተጣበቁ። የላይኛው ሞተሮች ቆሙ፤ የታችኛው ግን መሥራታቸውን ቀጠሉ። ሦስቱ በፓራሹት ዘለሉ። የላይኛው አብራሪ የ22 ዓመቱ ሊዮናርድ ፉለር ግን መሪው እንደሚታዘዝለት ሲያይ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ሁለቱንም አውሮፕላኖች እንደተጣበቁ ሜዳ ላይ አሳረፋቸው።

አንሰን የእንግሊዙ አቭሮ ኩባንያ ሥራ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1935 ሲሆን የታሰበው ለባሕር ጠረፍ ቅኝት ነበር። ጦርነቱ ሲፋፋም ለውጊያ ዘገምተኛ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ማሠልጠኛነት ዞረ፤ አብራሪዎች፣ አቅጣጫ መሪዎችና ተኳሾች ተማሩበት። እስከ 1952 ድረስ ከ11 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ጎማውን ለማጠፍ እጀታውን ከ140 ጊዜ በላይ በእጅ ማሽከርከር ያስፈልግ ነበር። ክንፉ የእንጨት በመሆኑ ማጣበቂያው እየለቀቀ ስላስቸገረ፣ አውስትራሊያ በ1962 አብዛኞቹን ከበረራ አገደች።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና እኔን የያዘኝ ከማረፉ በኋላ የሆነው ነው። ፉለር የሳጅንነት ማዕረግ ተሰጠው። ወዲያውም ያለ ፈቃድ ለጋዜጦች ተናግረሃል ተብሎ 14 ቀን ከሰፈር እንዳይወጣ ተደረገ፤ የ7 ቀን ደመወዙም ተቆረጠ።

በጦርነት ጊዜ ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ማንኛውም ክልከላ የሚጠብቀው ጥቅም ሊኖረው ይገባል። በጠራራ ፀሐይ፣ በእርሻ ሜዳ ላይ፣ አንዱ አንዱን አዝሎ ያረፈ አውሮፕላን ምን ምስጢር አለው? ገበሬው ያየውን ወታደሩ ቢናገር ጠላት የሚያተርፈው ነገር አይታየኝም። ሠልጣኞች ግን ያተርፉ ነበር፤ የተሸፋፈነ አደጋ አያስተምርምና። ደንቡን ያወጣው ሰው ዓላማውን ከረሳ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው ጥፋት ላይ ሳይሆን አንደበት ላይ ነው።

የላይኛው አንሰን ተጠግኖ እንደገና በረረ። ፉለርም ዘምቶ ሜዳልያ አገኘ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም አስተማሪ ሆነ። ሰማይ የማረውን ሰው መንገድ አልማረውም፤ በ1944 በብስክሌት ሲሄድ አውቶቡስ ገጭቶት ሞተ።

የከተማዪቱ ስም ለእኛ ጆሮ ዋጋ ዋጋ ነው። ፉለር ለጀግንነቱ ዋጋ ተከፈለው፤ ለመናገሩ ደግሞ ዋጋ ከፈለ። በበኩሌ ሁለተኛው ዋጋ ያለ አግባብ የተከፈለ ነው እላለሁ።