ከምረቃ በኋላ ወዴት? አማካሪ ድርጅት ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ



ባለፈው ወር ከደሴ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊው በሲቪል ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሮ የተመረቀና የመውጫ ፈተናውንም ያለፈ ወጣት ነው። በእጁ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው አዲስ አበባ ከሚገኝ የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት የመጣ ሲሆን በአንድ የመንገድና የድልድይ ሥራ ላይ በጀማሪ ተቆጣጣሪነት ሊቀጥረው እንደሚፈልግ ይገልጻል። ሁለተኛው በስትራክቸራል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ እንዲማር መፈቀዱን የሚያበስር የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነው።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው» ይላል ወጣቱ። «ከእኔ በታች ሦስት ታናናሾች ይማራሉ። አባቴ ‹ልጄ፣ ሥራውን ያዝ› ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ‹አእምሮህ ትኩስ እያለ ተማር፤ ደመወዝ የለመደ ሰው ወደ ደብተር አይመለስም› ይሉኛል። እናቴ ዱዓ ታደርግልኛለች እንጂ ምንም አትልም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»

ይህ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በሙያው ያሉ ወንድሞችንና እህቶችን አነጋግረን የተረዳነውን ለማካፈል ወደድን።

በመጀመሪያ «አማካሪ» ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ ምክር የሚሰጥ ሰው የሚመስላቸው ወላጆች ስላሉ ነገሩን እናብራራ። በግንባታ ሥራ ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። ገንዘቡን የሚያወጣው አሠሪ፣ ሥራውን የሚሠራው ተቋራጭ፣ በመካከላቸው ደግሞ አማካሪው። አማካሪው ንድፉን ያወጣል፤ ግንባታው ሲጀመርም በንድፉ መሠረት መሠራቱን ይቆጣጠራል። ተቋራጩ የሠራሁት ይህን ያህል ነው ብሎ የክፍያ ጥያቄ ሲያቀርብ ለክቶ የሚያረጋግጠው አማካሪው ነው። አሠሪው የሚከፍለው ያንን ፊርማ አምኖ ነው።

ጀማሪው መሐንዲስ የሚገኘው በዚህ ሰንሰለት ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮ ይቆጥራል፤ የካሳ ፎርማውን ልክ ያያል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሣጥኖች የአርማታ ናሙና ያስወስዳል፤ ናሙናው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በቤተ ሙከራ ሲጨፈለቅ ውጤቱን ይመዘግባል። ለመንገድ የሚደለደለው አፈር በየንብርብሩ በሚገባ መጠቅጠቁን ይፈትሻል። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ተምሮት ያለፈው ነገር ነው። በፀሐይና በአቧራ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ያነጋገርነው አንድ ወንድም፣ ሥራ በጀመረ በስምንተኛው ወር የደረሰበትን አጫውቶናል። በአንድ ሕንፃ ላይ የኮለን ብረት ለማየት ይገባል። ንድፉ ስታፋው በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር ይላል፤ የታሰረው ግን በየ25 ነበር። አርማታው ተቦክቷል፤ ሠራተኛው ቆሟል። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ዛሬን እለፉን፤ ለሚቀጥለው እናስተካክላለን» አለው። ወንድማችን አልፈርምም አለ። አርማታው ተበላሸ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም «ሼኩ» የሚል የፌዝ ስም ወጣለት። ማምሻውን ዋናው ተቆጣጣሪ መጥተው ስታፋውን ራሳቸው ቆጠሩና ከጎኑ ቆሙ። «አለቃህ ባይደግፉህ ኖሮስ?» ብለን ጠየቅነው። ትንሽ ዝም አለና «እለቅ ነበር ማለት ደስ ይለኛል፤ ግን ያኔ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ አላውቅም» አለን። ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ እውነተኛ መልስ ልባችንን ነካው።

ስለዚህ የደሴው ወንድማችን የሥራ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከደመወዙ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «አለቃዬ ማን ነው?» የሚለውን ነው። በዚያ ድርጅት የሠሩትን ፈልጎ ይጠይቅ። ሐላል ሪዝቅ የሚበላሸው በግልጽ ጉቦ ብቻ አይደለም፤ አይቶ እንዳላየ በማለፍም ነው። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ መድየን ተሰደው በደረሱ ጊዜ የአዛውንቱ ልጅ አባቷ እንዲቀጥሯቸው ስትመክር ያነሳችው ሁለት ነገር ነበር፤ ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን። የውሉ ዘመንም ስምንት ዓመት፣ ከፈቀዱ አሥር እንደነበር በሱረቱል ቀሶስ ተነግሮናል። (ጋብቻውም በዚያው ውል ውስጥ ነበር፤ ዝም ያሉት እናት ምናልባት የሚያስቡት ይህን ይሆን?) እኒያው ሙሳ ደግሞ በሱረቱል ከህፍ፣ ሁለቱ ባሕሮች እስከሚገናኙበት ድረስ ዕውቀት ፍለጋ ሲጓዙ እናገኛቸዋለን። ሥራና ትምህርት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተራ በተራ ሊመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ ደግሞ ፈዝሉር ረሕማን ኻን የተባሉትን ሙስሊም መሐንዲስ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1929 ዳካ ተወለዱ። በአገራቸው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ጥቂት ከሠሩና ካስተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 የትምህርት ዕድል አግኝተው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ማስተርስና አንድ ዶክትሬት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1955 ቺካጎ በሚገኝ የንድፍ ድርጅት ተቀጠሩ። የረጅም ሕንፃ ውጫዊ ምሰሶዎች ተቀራርበውና ተሳስረው እንደ አንድ ቱቦ ነፋስን እንዲቋቋሙ የሚያደርገውን ዘዴ ያዳበሩት እዚያ ነው። 442 ሜትር የሚረዝመውና ቀድሞ ሲርስ ታወር ይባል የነበረው የቺካጎ ሕንፃ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው። የጂዳ አውሮፕላን ማረፊያን የሑጃጆች ማረፊያ ድንኳኖች ንድፍ ካወጡት መካከልም ነበሩ። ለሐጅ ጂዳ የወረዱ አንባቢዎቻችን በዚያ ጥላ ሥር አልፈው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1982 የሞቱትም ጂዳ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው።

እኒህ ሰው ያለ ከፍተኛ ትምህርት ያን ስሌት ባልደፈሩት ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ የበሰለው በሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአርክቴክቶች ጋር ሲከራከሩ ነው። ትምህርት ቤት የገቡትም ሥራን ቀምሰው ነበር።

በእኛ አስተያየት የደሴው ወጣት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሠራ ይሻለዋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ቆሞ ያላየ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ይለቅማል፤ ያየ ግን ጥያቄውን ይዞ ይገባል። የሙያ ፈቃድ ደረጃም የሚያድገው በሥራ ልምድ ነው። ከሁሉም በላይ የአባት ትከሻ አለ፤ የታናናሾችን ትምህርት መደገፍ ከዕውቀት ፍለጋ የሚያንስ ዒባዳ አይደለም። ሥራ መፈለግን ፈርቶ ብቻ ማስተርስ መግባትን ግን እኛ ዕውቀት ፍለጋ ብለን ለመጥራት ይከብደናል።

አጎትም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። «ሁለት ዓመት» ብለው ወጥተው አሥረኛ ዓመታቸውን የያዙ መሐንዲሶች ሞልተዋል። ስለሆነም ወጣቱ መግቢያው ለአንድ ዓመት ይተላለፍለት ዘንድ ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ባይሆንም በማታ የሚሰጠውን ትምህርት ያስብ። ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን ነፃ የትምህርት ዕድል ከተገኘ፣ ወይም ልቡ ወደ ማስተማርና ምርምር ካዘነበለ ግን ፍርዳችን ይለወጣል። እንዲህ ያለው ዕድል ሁልጊዜ በር ላይ አይቆምም፤ ለምሳሌ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለተኛ ዲግሪ አመልካች ከ30 ዓመት በታች እንዲሆን ይጠይቃል። በወለድ ተበድሮ ለመማር መሄድን ግን አንመክርም።

ሴቶች ልጆቻችንን በሚመለከት፣ «ሳይት ከምትሄጂ ማስተርስ ተማሪ» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። አንዲት መሐንዲስ እህት እንደነገረችን ግን በአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ ንድፍ፣ ስሌትና የሥራ መጠን ልኬት ከተማ ውስጥ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ወላጆች ይህን ሳያጣሩ ባይወስኑ መልካም ነው።

ኢስቲኻራንም እንዳንረሳ። ወጣቱ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ሕልም እየጠበቀ እንደሆነ ጽፎልናል። ሕልም መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አላህን መምረጥ፣ የሚያውቁትን ማማከር፣ ከዚያም ወደ ተሻለው መራመድ ነው፤ ኸይር ከሆነ አላህ ያገራዋል።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቃችን በፊት ስልክ ደወልንለት። አባቱ ሐሳባችንን ሰምተው «የመጀመሪያውን ደመወዝ ለእናትህ ስጥ» ብለውታል። እናቱም በመጨረሻ ተናግረዋል። የጠየቁት ስለ ደመወዝም ስለ ዲግሪም አልነበረም፤ «ጁምዓ የት ነው የምትሰግደው?» ነው ያሉት። ከሳይቱ እስከ ቅርቡ መስጊድ 12 ኪሎ ሜትር ነው። ዓርብ ዓርብ የሳይቱ መኪና ወደዚያች ከተማ እንደሚወርድ ሰምቷል፤ አብሮ መሄድ ይችል እንደሆነ ድርጅቱን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው።